በጫማዬ የዞረው አፈማዝ

ባለፈው ሰሞን ከወልድያ ወደ ደሴ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መርሳ ላይ ቆመ። እንደ ወትሮው ሻጮች መስኮቱን ከበቡት፤ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ በፌስታል የታሰረ ሎሚ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሎሚ ገዙና፣ መንገድ ያጥወለውለኛል ብለው አንዱን በጥርሳቸው ገመጡት። ሽታው ወዲያው መኪናውን ሞላው። ሌላ ሰው ሎሚ ሲሸተው አፉ ውኃ ይሞላል። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ።

«ምነው ልጄ፣ የወደቀብህ ነገር አለ?» አሉኝ ሽማግሌው።

የለም አልኳቸው። ደሴ እስክንደርስ ግን አንዴ ለብቻዬ ስስቅ፣ አንዴ ሳፍር ነበር የሄድኩት። ምክንያቱን በቅደም ተከተል ለማስረዳት እሞክራለሁ። በቅደም ተከተል ማስረዳት የቆየ አመሌ ነው፤ ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዚያ ነው።

የሰሜኑ ጦርነት አንዴ በላያችን አልፎ፣ ይመለስ አይመለስ ገና ያልታወቀበት ጊዜ ነበር። ወልድያ ውስጥ ባጃጆች ሥራ ጀምረዋል፤ ሱቆች በራቸውን ገርበብ አድርገዋል፤ በየቤቱ ግን ከበር ኋላ የታሰረ ሻንጣ አለ። እናቴ የእኔን ሻንጣ ሦስት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ መልሳ አስራዋለች፤ አንዴ ሹራብ ረስታ፣ አንዴ ሹራቡ ለሙቀት አገር አይሆንም ብላ፣ አንዴ ደግሞ ብርድ አገር ብንሄድስ ብላ። እኔ የእንስሳት ጤና አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ትምህርታችን ተቋርጦ እስክንጠራ ቤት ተቀምጠናል። ተምሬ የጨረስኩት አንድ መንፈቅ ብቻ ነው። የላምን የፊት እግር አጥንቶች ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ በቃሌ እወጣቸዋለሁ፤ የታመመ ከብት ግን ቀርቤ ነክቼ አላውቅም።

ሥራውን የሰጡኝ ጋሽ ይማም ናቸው። ጋሽ ይማም መርሳ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ከብት ያከሙ ባለሙያና የአባቴ ወዳጅ ናቸው። በጦርነቱ ሞተር ብስክሌታቸውም፣ የክትባቱ ፍሪጅም፣ መዝገቡም ጠፍቶ የቀራቸው አንድ የሙቀት መለኪያና ሁለት ረጃጅም እግሮች ነበሩ። ግራና በምትባለው ትንሽ ከተማ አካባቢ አፈማዝ ገብቷል የሚል ወሬ ሰምተዋል። አፈማዝ በመጽሐፍ የአፍና የእግር በሽታ የምንለው ነው። የከብቱ ምላስና ድድ ውኃ ይቋጥርና ይላጣል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ የሰኮናው መሐል ይቆስልና ያነክሳል። ክትባት በዚያን ጊዜ አልነበረም። የነበረው አማራጭ በሽታው የት እንደገባ፣ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ በእግር ተከትሎ መመዝገብ፣ ገበሬውንም ከብቱን እንዳያቀላቅል መምከር ነው።

«አንተ ወጣት ነህ፣ እግር አለህ» አሉኝ። «በየመንደሩ ሂድ፤ ጠይቅ፤ ጻፍ። በዚያውም ትንሽ አስተምር። አጭር አድርገው ታዲያ።»

አጭር አላደረግሁትም። አዲስ ደብተር ገዛሁ፤ በማስመሪያ ሰንጠረዥ አሰመርኩ፤ ለታመመ ቀይ፣ ለጤነኛ አረንጓዴ፣ እኔ ለሄድኩበት መንገድ ሰማያዊ እስክሪብቶ መደብኩ። ለማስተማሪያ ደግሞ አራት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ።

የመጀመሪያዋ መንደር ከግራና በላይ ያለች ናት። ግንቦት ነበር፤ ምድሩ እንደ ምጣድ የጋለ፣ ማሳው ገና ደረቅ፣ በየአጥሩ ሥር የማንጎ ልጣጭ ላይ ዝንብ የሚርመሰመስበት። የደረስኩት ቅሬው በተሰበሰበበት ቀን ነው። ቅሬ በወሎ ሰው ሲሞት የሚያስቀብር፣ ሐዘንተኛን የሚያጽናና የሰፈር ማኅበር ነው፤ ግን በዚያ አያበቃም። መንገድ ሲሰበር፣ ጎረቤት ሲጣላ፣ ምንጭ ሲደርቅ የሚመክረው እሱ ነው፤ ቅሬው የወሰነውን ደግሞ የሚያፈርስ የለም። ዳኛው አያ እንድሪስ የሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ጥላቸውን ከራሳቸው በላይ ዘርግተው፣ «በሉ ዝም በሉ፤ ዶክተሩ ይናገር» አሉ።

«አያ እንድሪስ፣ እኔ ገና አንደኛ ዓመት ነኝ።»

«አንደኛ መውጣትህን ሰማን፤ ቀጥል» አሉኝ።

ቀጠልኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የተደመጥኩበት ጊዜ የለም። አስተማሪዎቻችን ሲያስተምሩ እኛ ከኋላ ስልክ እንነካ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከፊት የተቀመጡ ሻሻቸውን አጥብቀው ያሰሩ አንዲት ሴት በየመሐሉ ይጠይቁኛል።

«ስንት ቀን ነው የሚተኛው?»

«ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይነሳል። ተነስቶም ለተወሰኑ ወራት ያው በሽታ ብዙ ጊዜ አይደግመውም።»

«ወላሂ?»

«አዎ፣ ደብተሬ ላይ አለ።»

«የሚተላለፈው በለሃጭ ነው አልክ። ምን ያህል ለሃጭ?»

«በጣም ትንሽ ይበቃል» ብዬ የጣቴን ጥፍር አሳየሁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ «እስቲ ድገመው» አለኝ፤ ደገምኩት። አያ እንድሪስ የራሳቸውን ጥፍር አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛውን ገጽ ስጨርስ የማሽላ እንጀራ በሽሮ መጣ፤ በጣሳም ቅሪቦ የሚሉት የገብስ መጠጥ ተቀዳ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ደብተሬን ዘጋሁና በላሁ።

ከምሳ በኋላ ያቺ ጠያቂ ሴትዮ፣ እትየ ሐዋ፣ ቤታቸው ወስደው በሬያቸውን አሳዩኝ። በሬው ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ለሃጩ እንደ ክር እስከ መሬት ወርዷል፤ የፊት ግራ እግሩን እያነሳ ይጥላል። ግራና ገበያ ዳር ካለው ውኃ ጠጥቶ ከመጣ ወዲህ ነው አሉኝ። በደብተሬ የመጀመሪያዋን ቀይ ነጥብ አስቀመጥኩ። የተማርኩት ነገር እውነት ሆኖ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

እትየ ሐዋ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሁለት በሬ ነበራቸው፤ አንዱ በጦርነቱ ቀረ። ያለፈው ዓመት ማሽላቸውም እሳቸው ሸሽተው ሳሉ ቆሞ ወፍ ጨረሰው። ዘንድሮ ቦራን ከአያ እንድሪስ ብቸኛ በሬ ጋር አቀናጅተው በየተራ ሊያርሱ ተስማምተዋል። በዚያ ዓመት አካባቢው ሁሉ እንደዚያ ነበር፤ ሁለት በሬ ያለው ሰው ብርቅ ሆኖ ሁሉም መቀናጆ ገብቷል።

«ሐምሌ ላይ ጤፌን ካልዘራሁ» አሉኝ እትየ ሐዋ የቦራን አንገት እያሻሹ፣ «መሬቱን ለእኩል አራሽ መስጠቴ ነው። ከሰጠሁት ደግሞ ልጆቼን ይዤ ወልድያ ወንድሜ ቤት ጥገኛ ልሆን ነው። ወንድሜ ደግ ነው፤ ሚስቱ ግን ሰው ሲበዛባት ድስት ማንኳኳት ትወዳለች። ይነሳል አይደል?»

«ይነሳል፣ እትየ። ሰኔ ሳይጋመስ።»

«እሰይ! ዕድሜ ይስጥህ፣ ዶክተሬ።»

በሚቀጥሉት ሳምንታት ከመንደር መንደር ዞርኩ። ጋሽ ይማም ቤት እያደርኩ ጠዋት ከመርሳ እነሳለሁ፤ የጫነ መኪና ካገኘሁ እስከ መገንጠያው፣ ካላገኘሁ በእግሬ። በየደረስኩበት አስተምራለሁ፤ ደብተሬን እሞላለሁ። የትም ብሄድ ሰው ወጥቶ ይቀበለኛል። ዝናዬ ቀድሞኝ መንደር ይገባል፤ «ያ ቀናቱን የሚያውቀው ልጅ» ይሉኛል። አንዷ መንደር ውስጥ ወንበር ላይ አቁመው ነው ያስተማሩኝ፤ ማለቴ ያስተማርኳቸው።

ነገሩ መበላሸቱ የገባኝ በአራተኛው መንደር ነው። በደብተሬ ጀርባ ካርታ ሠርቼ ነበር። ሳየው፣ ሰማያዊው መንገዴ በሄደበት ሁሉ ቀይ ነጥብ ይከተለዋል። ቀኑን ቆጠርኩ። አስተምሬ በሄድኩ በአምስተኛው በስድስተኛው ቀን መንደሩ ይታመማል። ማንጎ አብዝቼ በልቼ በሆድ ሕመም የቀረሁባት አንዲት መንደር ነበረች፤ እዚያ አንድ ከብት እንኳን አላነከሰም።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ለመግለጽ ይከብደኛል። በሽታው በጫማና በልብስ እንደሚሄድ ተምሬያለሁ፤ ራሴም አስተምሬያለሁ። ገበሬው ከብቱን አስሮ ተቀምጦ፣ በሽታውን ተሸክሜ በየቤቱ የማድለው እኔ ነኝ ማለት ነው። ለዚያውም ከነደብተሬ።

የትምህርት ማስታወሻዬን ገላልጬ፣ ይህን ተሐዋሲ ኮምጣጣ ነገር ይገድለዋል የሚል አገኘሁ። ጋሽ ይማም ቢሮ ፀረ ተሐዋሲ መድኃኒት የለም፤ መርሳ ግን ሎሚ ሞልቷል። በየጠዋቱ ሎሚ ጨምቄ ጫማዬን፣ የሱሪዬን ጫፍ፣ ዱላዬን አጥባለሁ። መንደር አፍ ላይ ስደርስ ቆሜ እንደገና አጥባለሁ። በሦስተኛው ቀን የጫማዬ ቆዳ ተሰነጠቀ። በአምስተኛው ሶሉ አፉን ከፈተ። ዝንብ ከመርሳ እስከ ግራና ይሸኘኛል። ሴቶቹ ሲያዩኝ አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ፤ አንዷ ግን አልቻለችም፤ «ኧረ ዶክተር፣ ቃሪያና ሽንኩርት ብቻ ነው የቀረህ!» አለችኝ።

በሽታው ግን አልቆመም። ስለዚህ ይበልጥ ተጠነቀቅሁ። ወደ አንዲት መንደር ጭራሽ ላለመግባት ወስኜ ከወንዝ ማዶ ድንጋይ ላይ ወጥቼ በጩኸት አስተማርኩ። ሰዎቹ በወዲያኛው ዳር ተደርድረው ተቀምጠዋል።

«አይደግመውም ያልከው ስንት ወር ነው?» ብሎ ጮኸ አንዱ።

«ይለያያል! ጥቂት ወራት!» ብዬ ጮህኩ።

«ጤፍ አሳርሶ አስዘርቶ ያደርሳል?»

«ያደርሳል ብዬ እገምታለሁ!»

ጭብጨባው ወንዙን ተሻግሮ ተሰማኝ። በስድስተኛው ቀን ያቺም መንደር ታመመች።

እንግዲህ ከጫማዬ አልፎ በትንፋሼ ነው ብዬ አመንኩ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አድሬ ጠዋት በነጭ ወረቀት ማመልከቻ ጻፍኩ። ርእሱ «ለበሽታው መስፋፋት መንስኤው እኔ መሆኔን ስለማሳወቅ» የሚል ነበር። መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ለጋሽ ይማም ሰጠኋቸው። ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ባዶ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ቁርስ በልተሃል?»

«ጋሽ ይማም፣ ካርታውን ይዩት።»

ካርታውን ዘረጋሁላቸው። እየሳቁ ነበር ያዩት፤ ቆይተው ሳቃቸውን ተዉት።

«እዚህ መንደር ስንት በሬ ታመመ?»

«ሁሉም።»

«ላምስ?»

ደብተሬን ገለጥኩ። «የዚያን ቀን... አንድም። ላሞቹ ከሳምንት በኋላ ነው የጀመራቸው።»

«እዚህስ?»

«እዚህም በሬ ብቻ። ሁሉም በአንድ ቀን።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ይሄን በሽታ አውቀዋለሁ። በሬና ላም አይመርጥም፤ ቀጠሮም አያከብርም። ያንተ ጫማ ደግሞ ቀንድ እያየ አይረግጥም። በል ተነሥ፤ በመጨረሻ ያስተማርክባት መንደር የት ናት?»

በማግስቱ ማለዳ ወደዚያች መንደር ወጣን። ገና ስንቀርብ ከወርካው ሥር በሬዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ተሰልፈው አየን። የታረሰ ነገር የለም፤ ቀንበርም የለም። አያ እንድሪስ ከራሳቸው መንደር መጥተው እንደ ክብር እንግዳ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከወረቀት ስም ይጠራሉ፤ «የሰይድና የፋጡማ ጥንድ! ቅረቡ!» ከፊታቸው እትየ ሐዋ ቆመዋል። በግራ እጃቸው ጣሳ ይዘዋል፤ በቀኛቸው በጨው የታሸ የጆንያ ቁራጭ። ከጣሳው እየነከሩ የሰይድን በሬ ከንፈር አሹት፤ ቀጥለው የፋጡማን። በሬዎቹ ጨውን ላሱ። በጣሳው ውስጥ ያለው ለሃጭ ነበር።

ጋሽ ይማም ቆባቸውን አወለቁ። «ምንድን ነው የምትሠሩት?»

«እያሳመምን ነዋ» አሉ አያ እንድሪስ፣ የማያስጠይቅ ነገር እንደተጠየቁ ሁሉ። «ዶክተር፣ እንኳን መጣህ! ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ።»

«በአላህ፣ ለምን?» አሉ ጋሽ ይማም።

መልሱን የሰጡት እትየ ሐዋ ናቸው። ጣሳቸውን ሳያስቀምጡ፣ ልክ እኔ እንደማስረዳው በጣታቸው እየቆጠሩ። «ይሄው ልጅ አይደለም ያስተማረን? በሽታው ገብቷል፤ ዛሬም ነገም ማንንም አይለቅም። የእኔ ቦራ ግንቦት ታሞ ሰኔ ተነሣ። የአያ እንድሪስ በሬ ደግሞ ሐምሌ ላይ ቢተኛ፣ ቦራን ከማን ጋር ልጠምደው? ከእርስዎ ጋር?»



«ስለዚህ ቅሬው ተነጋገረ» አሉ አያ እንድሪስ። «የተቀናጀ በሬ አብሮ ይታመማል፤ አብሮ ይነሳል። ሌሎቹም ቅሬዎች ሰሙና ላኩብን። ሐዋ ከቦራ ጀምራ እያዳረሰች ነው፤ አላህ ይስጣት። እንቢ ያለ ለሐዘን ቤት ዓመት ሙሉ ውኃ ይቀዳል።»

ይህን ጊዜ አንድ ጎልማሳ ገበሬ እጄን ያዘኝ። «ዶክተር፣ የእኔ በሬ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ አሻፈረኝ አለ። ደብቀህ አጥበኸዋል እየተባልኩ ነው። በሬው ጤነኛ የሆነው በእኔ ጥፋት እንዳልሆነ ወረቀት ጻፍልኝ።»

ጋሽ ይማም መሳቅም መቆጣትም አምሯቸው ሁለቱንም ሳያደርጉት ቀሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ ድንገት ቀጥ አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ።

«ጥጆቹንስ? ጥጆቹን ለይታችኋል?»

«የምን ጥጆች?» አሉ እትየ ሐዋ።

ጋሽ ይማም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ምን እንደሚሉ አወቅሁ። ይህ በሽታ ትልቁን ከብት አንከራትቶ ይተወዋል፤ የሚጠባውን ጥጃ ግን ልቡን ይመታዋል፤ ለሃጭ እንኳን ሳያሳይ ቆሞ ሳለ ይጥለዋል። አራተኛው ገጽ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ምሳው ሲመጣ፣ ሰዉም ደስ ብሎት ሳይ የዘጋሁት ገጽ ነው። በሌሎቹ መንደሮችም ሦስቱን ገጽ ብቻ ካነበብኩ ሰው እንደሚወደኝ ስላየሁ አራተኛውን አልገለጥኩትም። ረስቼው አይደለም።

«ትናንት ጠዋት የእኔዋ ጥጃ ወደቀች» አሉ እትየ ሐዋ ቀስ ብለው። «እናቷ ሥር ቆማ ሳለች። እባብ ነው ብለን ነበር።»

 እኔ ደብተሬን ከቦርሳዬ አወጣሁና እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው፤ ገጹ እንደነበረ፣ እንዳላነበብኩት፣ ለምን እንዳላነበብኩት። እትየ ሐዋ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«አንብበኸው ቢሆን ኖሮ ጥጃዬን ከላሟ እለያት ነበር?»

«አዎ፣ እትየ።»

ጣሳውን ከጠጠሩ ላይ ደፉት። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው አሁን አንብበው» አሉ።

ቆሜ አነበብኩት። በዚያ ሁሉ ሳምንት በጥያቄ ብዛት ያላስጨረሰኝ ሰው፣ ያን ቀን አንድ ጥያቄ አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲያ ቅሬው ሥራ ጀመረ፤ ስለ ቅሬ የማልረሳው ነገርም ይህ ነው። ለማሳመም የተደራጁበት ጉልበት በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ማዳን ዞረ። በጦርነቱ ጣሪያው ተጎድቶ ተማሪ ያልተመለሰበት ትምህርት ቤት ነበር፤ የየመንደሩን ያልታመሙ ጥጆች እዚያ አስገቧቸው። አያ እንድሪስ ስማቸውን ሰሌዳው ላይ በጠመኔ አጻፉኝ፤ ገና ሣር ያልጀመሩት አንደኛ ክፍል፣ የጀመሩት ሁለተኛ ክፍል። ሴቶቹ በየተራ የተፈላ ወተት እያቀዘቀዙ በሳፋ ያመጣሉ፤ እኔ ጣቴን እያጠባሁ አስለምዳለሁ። አንዱ ቀላ ያለ መጋላ ጥጃ የመምህሩን ጠረጴዛ ግማሽ ጥግ ልሶ ጨረሰው። ጋሽ ይማም በመስኮት ብቅ ይሉና «አንደኛ ዓመት፣ ክፍልህን ጸጥ አሰኝ!» ይሉኛል። ሎሚው ያን ጊዜ ጠቀመን፤ ማንም ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት እጁንና እግሩን ይታጠብበታል። ያም ሆኖ በየመንደሩ ቀድመው የተያዙ ጥጆች ነበሩና ከእትየ ሐዋ ሌላ ያዘኑ ቤቶች አሉ። በሽታን ሆን ብሎ ማዳረስ ምን እንደሚያስከትል ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእነዚያ ቤቶች ነው የተማርኩት።

ሪፖርት መጻፍ ነበረብን። «የመስፋፋቱ ምክንያት» በሚለው ረድፍ እኔ «የተማሪው ያልተሟላ ትምህርት» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ይማም አዩት፤ አሰቡበት፤ በአንድ መስመር ሠርዘው «ከፍተኛ የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ብለው ጻፉበት።

«ጋሽ ይማም፣ ይሄ እኮ ምስጋና ይመስላል።»

«ግድ የለም። ያንተን ደግሞ ሥሩ ጻፈው። ሁለቱም እውነት ነው።»

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ዘንቦ ፀሐይ ብልጭ ሲል ወደ እትየ ሐዋ መንደር ወጣሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። ከኮረብታው ጫፍ ስመለከት ማሳው ሁሉ በሬ ነው፤ አብረው የታመሙት አብረው ተነሥተው፣ በየማሳው ሁለት ሁለት ሆነው ይወጣሉ ይወርዳሉ። ቦራ ከአያ እንድሪስ በሬ ጎን ነበር። ግራ እግሩን ትንሽ ይቆጥባል እንጂ አልቆመም። የእትየ ሐዋ ትልቁ ልጅ እርፉን ይዟል፤ እሳቸው ከኋላ ጤፉን ይበትናሉ። አዩኝና በእጃቸው ዘሩን እንደጨበጡ ወደ ማሳው አመለከቱኝ። 

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወደ እኛ በኩል ተመልሶ ነደደ። እናቴ ያቺን ሻንጣ አንሥታ ወደ ደሴ ሄድን። እዚያ በሰው ቤት ሳሎን ተኝተን ሳለ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የማስበው ያ ጤፍ ይደርስ ይሆን እያልኩ ነበር። ደረሰ። ጠመንጃው ዝም ካለ በኋላ ጋሽ ይማም ደውለው ነገሩኝ፤ ሐዋ አጭዳለች፤ መሬቷም በእጇ ነው።

አሁን ተመርቄ እዚያው አካባቢ እሠራለሁ። ገበሬ ሰብስቤ ሳስተምር ከሚሞተው ነው የምጀምረው። ስለ የትኛውም በሽታ ይሁን መጀመሪያ የማነበው አራተኛውን ገጽ ነው። ሰው ይቀዘቅዛል። ጥያቄ ይጠፋል። የሚያጨበጭብልኝም የለም፤ ወንበር ላይ ያቆመኝም የለም። ደግ አደረግሁ ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ጉባኤው ፊቱ ሲፈካ ግን ዛሬም እደነግጣለሁ፤ ምን አስቀርቼ ይሆን እላለሁ።

በቀደም ስለ ሌላ የከብት በሽታ ልናገር እነ እትየ ሐዋ ቅሬ ሄጄ ነበር። አያ እንድሪስ አርጅተው ዳኝነቱን ለሌላ ሰጥተዋል። እትየ ሐዋ እንደ ድሮው ከፊት ተቀምጠዋል። እኔም እንደ ልማዴ ከሞት ጀመርኩ፤ የሚሞተውን ዘረዘርኩ፤ ምልክቱን ዘረዘርኩ፤ ሰዉ አንገቱን ደፋ። ይህን ጊዜ እትየ ሐዋ እጃቸውን አነሡ።

«ምነው ዶክተሬ፣ ሞት ሞቱን ብቻ! የሚነሳበትንም ቀን ንገረን እንጂ። እኛ እኮ የምናርሰው እሱን ይዘን ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ከየቱ ምን ያህል፣ ከየቱ አስቀድሞ መናገር እንደሚገባኝ እስካሁን በትክክል አላወቅሁትም፤ እዚያ መንደር ስሄድ ግን ፊት ለፊት የተቀመጡትን ሴትዮ ዓይን እያየሁ ነው ገጹን የምገልጠው።